እንጀራ ጠላት፣ ቅቤ ወዳጅ?

«ዳይት ላይ ነኝ» እያሉ እንጀራውን ገፋ፣ ክትፎውን በማንኪያ የሚዝቁ ወጣቶች አላጋጠሟችሁም? ሠርጓ የተቃረበ አንዲት ወጣት በአንድ ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ ብላ ፈንድቃለች። ደስታዋን ላደፈርስ አይደለም፤ ግን መጀመሪያ የሚሄደው በአብዛኛው ውሃ ነው! ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠው ስኳር ሲያልቅ አብሮት የነበረው ውሃም ይወጣል።

እንጀራ መቀነሱ ክፋት የለውም። ለስላሳና ኬክ መተውማ እሰየው ነው። ጣጣው ያለው ቅቤው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ፣ እንደ ቅቤና ጮማ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ቅባት ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ይህን ያልፋል! (ክትፎ ቤቶቻችን ደግሞ በቅቤ አይታሙም።)

ይህ ቅባት ሲበዛ ኪሎ እየቀነሰ እንኳ መጥፎው ኮሌስትሮል ሊያሻቅብ ይችላል። አያምም፣ አያስታውቅም፤ የሚለየው በደም ምርመራ ነው። በቤተሰባችሁ የልብ ሕመም ካለ ሳትጀምሩ ተመርመሩ፣ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላም ድገሙት። በቅቤው ፋንታ ዓሣ፣ አቮካዶ፣ በዘይት የተሠራ ጎመን ሞክሩ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንጀራ እንዳትተዉ፤ ስኳራችሁ ድንገት ሊወርድ ይችላል።