ትከሻችን ምን ይለናል?

አማርኛችን ስለ ሐሳብና ስለ ድካም ሲናገር የአካልን ስም ሳይጠራ አያልፍም። የሰጋ ሰው «ልቤ ተሰቀለ» ይላል፤ የተናደደ «አንጀቴ አረረ» ይላል፤ ሲለፋ ውሎ የገባ «ወገቤ ተቆረጠ» ይላል። አባቶቻችን ሐሳብ በሆድም በትከሻም እንደሚያድር ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኛ ተማርን የምንለው ግን ቃሉን ወርሰን ትርጉሙን የረሳነው ይመስላል።

ይህን የምንለው ከራሳችን ተነሥተን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝንበት ዓመት፣ ከሁሉ በኋላ ከቢሮ የሚወጣ ሰው ከሁሉ የበለጠ ትጉህ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ማምሻውን በጽሑፍ ላይ እንዳጎነበስን፣ በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ተመለከቱንና፣ «ልጄ፣ ትከሻህን እስከ ጆሮህ የሰቀልከው ከማን ጋር ልትደባደብ ነው?» አሉን። ሳቅን። ትከሻችንን ዝቅ ስናደርግ ግን ጥርሳችንን ነክሰን፣ ትንፋሻችንን ቋጥረን መዋላችንን ያን ጊዜ ዐወቅን። በማግሥቱ ጽሑፉን ብናነበው ስሕተቱ ብዙ ነበር፤ እንደገና ጻፍነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ ከስሕተት ጽሑፍም ያለፈ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚል አመልክተዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና፣ ከዚያ አስቀድሞ አካል የሚሰጠውን ምልክት መስማት ይገባል።

እንዴት ይሰማል? አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ዘዴ ቀላል ነው። ጡጫን ጥቂት ጨብጦ መልቀቅ፤ ትከሻን ሰቅሎ ማውረድ፤ በሁለቱ መካከል ያለውንም ልዩነት ልብ ማለት። ይህን የለመደ ሰው መወጠሩን ራስ ምታት ሳይነግረው በፊት ያውቃል። እኛም ወንበር ላይ ስንቀመጥ፣ ደብዳቤ ከመላካችን በፊትና ወደ ቤት ስንነሣ እንሞክረዋለን።

ይሁን እንጂ የልብ መምታት ሁሉ የሽሽት ጥሪ አይደለም። አዲስ ሥራ ስንጀምር የሚመታ ልብ ሥራው ሲለመድ ይረጋል። ከእሑድ ዕረፍት በኋላም ሰኞ ጧት የማይለቅ ድካም ግን ሌላ ነው፤ ከሰነበተም ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ደግሞም ትከሻን ማውረድ በጠረጴዛ ላይ የተከመረውን ፋይል አያቀልም። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ የተነሣ መዛልን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲተረጉም፣ መነሻው በመሥሪያ ቤት ያለ በወጉ ያልተያዘ ጭንቀት መሆኑን ጠቅሷል። ስለዚህ ጉዳዩ የሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የአለቃውም ነው። «ጌታዬ፣ ሁለቱን ዛሬ ማድረስ አልችልም፤ የትኛውን ላስቀድምልዎ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ስንፍና አይደለም። ዝም ብሎ ተቀብሎ የተበላሸ ሥራ ማስረከብ ይብሳል።

አንባቢያችን ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርስ፣ ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት ትከሻው የት እንዳለ አንድ ጊዜ ይመልከት።