እግሬ የማያውቀው ፍሬን

ሕፃኗ ኳሷን ተከትላ ከኮንዶሚኒየሙ በር ስትወጣ በጊዜ አይቻታለሁ። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ፍጥነቴ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ስለሆነ ብርሃኑም ሙሉ ነው። ቀኝ እግሬን ወደ ፊት ሰድጄ የኋላ ፍሬኑን ረገጥኩ። የረገጥኩት ግን አየር ነበር።

ፍሬኑ እዚያ የለም። እዚያ የነበረው ከሁለት ሳምንት በፊት በሸጥኳት ሞተር ሳይክል ላይ ነው።

ቀኝ እጄ በድንጋጤ የፊቱን ፍሬን ጨምድዶ ያዘው። ሞተሩ ከሕፃኗ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። መሪው ትንሽ ዞሮ ስለነበር ግን በቀኝ በኩል ተዘንብሎ እኔንም ይዞኝ ኮብልስቶኑ ላይ ተጋደመ። ሕፃኗ ኳሷን አንሥታ አንድ ጊዜ አየችኝና ወደ ግቢዋ ሮጠች። የልጅ ልጄ እኩያ ናት፤ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሊስትሮዎቹ መጥተው «ጋሼ፣ ተረፉ?» እያሉ ሲያነሡኝ አያቷ በሩ ላይ ቆመው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ያዩኝ ነበር። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. በወርኃ ግንቦት፣ እዚሁ ልደታ ነው። ሰፈሩ የግንቦት ልደታን ንፍሮ ከቀመሰ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር።

የ57 ዓመት ሰው ነኝ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈት ቢሮ አለችኝ፤ የባለጉዳይ ማመልከቻ፣ ውል፣ መልስና ይግባኝ ስጽፍ እውላለሁ። ሞተር ላይ የወጣሁት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው። ሰልፉም የታክሲ ወረፋውም ስለ ሰለቸኝ ያማሃ ድራግስታር 650 ገዛሁ። ክሩዘር የሚባለው ዓይነት ነው፤ መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ መሪው ወደ ጋላቢው የተሳበ፣ የእግር መርገጫው ወደ ፊት የራቀ። ሰው ሳሎን ሶፋ ላይ እግሩን ዘርግቶ እንደሚቀመጥ ያለ ነገር ነው። 11 ዓመት ነዳኋት። ባለቤቴ ከኋላዬ ተቀምጣ መርካቶ ደርሳ ስትመለስ የጎረቤት ሴቶች ይስቁብን ነበር፤ ኋላ ላይ ለመዱን።

ለምን ሸጥካት ትሉኝ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት ወገቤ ነው። እግር ወደ ፊት ሲዘረጋ ክብደታችን በሙሉ ጭራችን ላይ ያርፋል፤ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ምቱን የሚቀበለው አከርካሪያችን ነው። እግራችን ከበታችን ቢሆን ግን በቅሎ ላይ እንደሚደረገው ትንሽ ብድግ ብሎ ማሳለፍ ይቻላል። ሁለተኛው ምክንያት የባለቤቴ እናት ናቸው። ደብረ ብርሃን ይኖራሉ፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አሮጊቷ ሞተሬ ካርቡራተር ስለሆነች ሸኖን ስታልፍ ትንፋሽ ያጥራታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ሲደረስ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅምና ቤንዚኑን እንደ ወትሮው ያፈስሳል። ኢንጂኑ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ሁለት ሰው ጭና ዳገት ላይ እያቃሰተች ስትወጣ አይሱዙዎች ጡሩምባ እየነፉ ያልፉን ነበር።

አዲሱን ያገኘሁት ከአገር ከሚወጣ ፈረንጅ ነው። ያማሃ ትሬሰር 900 ይባላል፤ ስፖርት ቱሪንግ ከሚሏቸው ወገን ነው። ፈጥኖ ለመሄድም፣ ዕቃና ሰው ጭኖ ረጅም መንገድ ለመጓዝም የተሠራ ማለት ነው። ነዳጅ የሚረጨው በኮምፒውተር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ራሱ ይመጥናል። ፍሬኑ ኤቢኤስ አለው። ሥጋት ያልገባኝ ቁጥሮቹን ሳይ ነው፤ ክብደቱ 210 ኪሎ ብቻ፣ ከአሮጊቷም ይቀላል! ሁለቱን ቁጥሮች ግን ልብ ብዬ አላነበብኳቸውም። የአሮጊቷ መቀመጫ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲሱ 85 ገደማ። የአሮጊቷ ጉልበት 40 ፈረስ ነው፤ የአዲሱ 115። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አምስተኛው ያህሉ ቢቀርም እንኳ ከለመድኩት ከእጥፍ በላይ ነው።

የወደቅኩ ቀን ማታ ቤታችን ችሎት ሆነ። ባለቤቴ «ይሸጥ» አለች። ሴት ልጄ ደውላ አለቀሰች፤ «ያቺ ሕፃን የእኔ ልጅ ብትሆንስ?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ጋራዥ የሚሠራው ወንድ ልጄ ግን ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ገባና «አባዬ፣ ሞተሩ ምንም የለበትም። ያልተስተካከለው እግርህ ነው» አለኝ።

አንገበገበኝ። መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ነገር ግን እውነቱን ነው። 11 ዓመት ሙሉ «አደጋ» ሲባል እግሬ ወደ ፊት መሄድ ለምዷል። በእርጋታ ስነዳ አዲሱን ቦታ አስታውሳለሁ፤ ስደነግጥ ግን የሚያዘው ጭንቅላቴ ሳይሆን የቆየው ልማድ ነው። ባለቤቴ ውሳኔዋን አሻሻለች። ልጄ «በቃ» እስኪል ድረስ ሞተሩ መንገድ ላይ አይወጣም። ይግባኝ የለውም።

ያን ማታ ልተኛ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አሮጊቷን የገዛኝ ወጣት ቀድሞ ይነዳ የነበረው ትንሽ የህንድ ሞተር ነው፤ የእሷ ፍሬን ደግሞ ከእግር በታች ነው። እኔ ወደ ፊት ስፈልግ እሱ ወደ ታች ሊፈልግ ነው። ደወልኩለት። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ለምጃታለሁ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ አምስት እሑድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ልጄ ሞተሩን እየነዳ፣ እኔ በታክሲ እየተከተልኩ፣ ከጦር ኃይሎች ወዲያ ወዳለ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሜዳ ሄድን። መጀመሪያው እሑድ ኢንጂኑ እንኳ አልተነሣም። በቆመ ሞተር ላይ ተቀምጬ ልጄ እጁን ሲያጨበጭብ ፍሬን እረግጣለሁ። ጣቱን እየቆጠረ መቶ ጊዜ አስደገመኝ። ከሠላሳው ዘጠኝ ጊዜ እግሬ ወደ ፊት ሄደ። እሱ አልሳቀም፤ እኔ ነኝ የሳቅኩት። የሜዳው ዘበኛ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዩን ቆይተው «ምን አጥፍተው ነው?» ብለው ልጄን ጠየቁት።

በሁለተኛው እሑድ በኖራ መስመር አሠመረልኝ። በ20፣ ቀጥሎ በ30፣ ከዚያ በ40 ኪሎ ሜትር መጥቼ መስመሩ ላይ መቆም ነበረብኝ። እዚህ ላይ ለሞተረኛ ልጆች ወላጆች ጭምር የሚጠቅም ነገር ተማርኩ። ሞተር ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጎማ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዋናው ማቆሚያ የፊቱ ፍሬን ነው። አሮጊቷ ረጅምና ወደ ኋላ የተኛች ስለነበረች በኋላ ፍሬን ብዙ ታግዘኝ ነበር፤ አዲሱ ላይ የኋላው ማገዣ ብቻ ነው። የፊቱም ቢሆን አይጨመደድም። በሁለት ጣት በቀስታ ተጀምሮ እየጠበቀ የሚሄድ ነው፤ ሎሚ እንደ መጭመቅ። ኤቢኤሱ ሥራ ሲጀምር መያዣው በጣቶቼ ሥር ይርገበገባል። መጀመሪያ ደንግጬ ለቀቅኩት፤ ልጄ «አትልቀቅ፣ እየሠራ ነው!» እያለ ጮኸ። ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ ያደርጋል እንጂ መንገድ አያሳጥርም፤ ጠጠር ላይ እንዲያውም ከተጠበቀው በላይ ይወስዳል። የመጨረሻው ሙከራ ሳልጠብቀው ልጄ ድንገት ጀሪካን ወደ ፊቴ መወርወሩ ነበር። በአራተኛው እሑድ እግሬ ሳላዘው ከበታቼ ያለውን ፍሬን ረገጠ።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀልል ነበር፣ ቢሆንም ሳያም አልቀረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንጓዬን አመመኝ፤ ማመልከቻ መተየብ እስኪያቅተኝ። ሰውነት ወደ ፊት ዘንበል ስለሚል እኔ እጄ ላይ ተደግፌ ኖሯል። መፍትሔው ታንከሩን በጉልበት ጨመቅ አድርጎ ይዞ፣ በሆድና በወገብ ራስን ችሎ ክንድን ማላላት ነው። ቁመቱስ? ልጄ እግሬን ሊያስረዝመው አልቻለም። ሁለት እግሬን እንደ ድሮው መሬት ላይ ማንጠፍ ቀረ። አሁን ቀኝ እግሬ ፍሬኑን ይይዛል፣ ግራው ብቻ ይወርዳል። ለመቆም ስቃረብ የት እንደማርፍ ቀድሜ አያለሁ፤ ጠጠር፣ ቦይ ወይም ማደያ ደጅ የፈሰሰ ዘይት ካለ ሁለት ሜትር አለፍ እላለሁ። መንገዱ ወደ ጎን ካዘነበለ ከፍ ባለው በኩል ነው እግር የሚወርደው።

መውደቅንም ተማርኩ፤ መነሣቱን ልበል እንጂ። ሞተር በቀኝ ከተጋደመ በመጀመሪያ ማርሽ ይገባል፤ የጎን መቆሚያው ይዘረጋል፤ በዚያ ወገን እንዳይገለበጥ ነው። ከዚያ ጀርባን ለመቀመጫው ሰጥቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ባጭር ባጭሩ ወደ ኋላ እየረገጡ በእግር ጉልበት መግፋት ነው። እንደ ጤፍ ጆንያ በወገብ ለማንሣት የሚሞክር ሐኪም ቤት ይገባል። 57 ዓመቴ ላይ ብቻዬን አነሣሁት። ዘበኛው አጨበጨቡ።

ጉልበቱን በተመለከተ ልጄ አልተደራደረም። ትሬሰሩ ሦስት የአነዳድ ምርጫዎች አሉት፤ «ቢ» የሚባለው ለስላሳው ነው፤ እሱ ላይ አድርጎ «እስከ አዲስ ዓመት እንዳትነካው» አለኝ። እስከ ጥምቀትም አልነካሁት። በክረምቱ ሜዳውን ለቅቄ ቀስ በቀስ መንገድ ላይ ወጣሁ፤ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ዝናብ ካለ በእግሬ። ሚኒባስ ረዳት በር ከፍቶ ሲጮህ ወይም ቀለም የተቀባ የእግረኛ መንገድ ሲረጥብ አሁንም ቀድሜ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ካቴናውን ዘይት መቀባትም አዲስ ሥራ ሆነብኝ፤ አሮጊቷ በዘንግ ስለምትዞር ካቴና የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ጭቃ ካለ በየ500 ኪሎ ሜትሩ ተጠርጎ ይቀባል። የልጅ ልጄ ቡሩሹን ትይዝልኛለች።

ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ የወጣችው በጥር ነው። የኋላው መቀመጫ ከእኔም ይበልጥ ከፍ ይላል። ቀሚሷን ትታ ሱሪ ለብሳ፣ ትከሻዬን ተደግፋ ወጣችና «ሦስተኛ ፎቅ አስቀመጥከኝ» አለች። ፍሬን ስይዝ ጀርባዬ ላይ እንዳትጫን ታንከሩን በእጇ እንድትገፋ አሳየኋት። ማለዳ ከልደታ ተነሥተን በመገናኛ አድርገን ወጣን። አሌልቱን አለፍን፣ ሸኖ ደረስን። ብርዱ ጓንት ያልፋል፤ ኢንጂኑ ግን አላቃሰተም። ጫጫ ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን። ወገቤን ጠየቀችኝ፤ አልታመምኩም። አንጓዬንም ጠየቀችኝ። ስለ እግሬ አልጠየቀችኝም፤ ስትከታተለው እንደነበር ግን ያወቅኩት ደብረ ብርሃን ስንገባ ነው። በግ የሚነዳ ልጅ ድንገት አስፋልት ላይ ሲወጣ ቀስ ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ «እሰይ» ስትል ሰማኋት።

ወደ ቢሮዬ ስሄድ በዚያ ኮንዶሚኒየም በር አልፋለሁ። ከወደቅኩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ አያትየዋ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቡና አፈሉልኝ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳንነጋገር ስለ ጉልበት ሕመም ስናወራ ቆየን። በሩ አጠገብ ስደርስ ዛሬም በእግር ፍጥነት ነው የማልፈው።

ባለፈው ወር ደግሞ አሮጊቷን የገዛኝ ወጣት ደወለ። ድምፁ እንደዚያ ማታ አልነበረም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሚኒባስ ከፊቱ ድንገት ቆሞበት እግሩ ወደ ታች ሄዶ ባዶ ረግጧል። እሱ ተርፏል፤ የታክሲው የኋላ መብራትና የአሮጊቷ ፓራፋንጎ ተሰብረዋል። «ጋሼ፣ ያ ያሉኝ ነገር...» ብሎ አቆመ።

እሑድ በ12 ሰዓት ሜዳው ላይ እንድንገናኝ ነገርኩት። ኖራውን እኔ ይዤ ሄድኩ።