«ይኼ ሃምሳ አይደለም»

አባቴ ዳዊት የደገሙት ገና በልጅነታቸው ነው። ቦረና ወረዳ ውስጥ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙም በማይርቅ ገጠር፣ የኔታ ፊት ቁጭ ብለው ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት ተሻገሩ። ከዚያ በላይ አልገፉበትም። ዜማውም ቅኔውም ቀረና ገበሬ ሆኑ፤ ሲያረጁ ደግሞ ከተማ ገቡ። ዳዊታቸው ግን ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ ቅዳሜ 150ውን ይጨርሱና እሑድ ጸሎተ ነቢያትንና መሓልየ መሓልይን ይደግማሉ። እኔ ሳውቃቸው ይህ የተቋረጠበት ሳምንት አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓይናቸው ደከመ። ደሴ ወስደን አስመረመርናቸው። ሐኪሙ ግላኮማ መሆኑን ነገረን፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አለን። አባቴ ዝም ብለው ሰሙና፣ መኪና ውስጥ ገብተን አቀስታን ካለፍን በኋላ ነው የተናገሩት። «በቃሌ የማውቀው አለ፤ መሐል መሐሉ ላይ ግን ይጠፋኛል» አሉ። ዓይናቸውን አልነበረም ያዘኑለት።

እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የምውል፣ ችግር ሲነገረኝ መጀመሪያ ስልኬን ከኪሴ የማወጣ ሰው ነኝ። ለሁሉም ነገር አፕሊኬሽን አለው ብዬ አምናለሁ። እናም በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. አንድ ያገለገለ ስማርት ስልክ ይዤ መካነ ሰላም ገባሁ።

ስለ አፕሊኬሽኖቹ ትንሽ ልበል። ከመጽሐፍ ቅዱስ አፖች ሁሉ በስፋት የታወቀው ዩቨርዥን ነው። የሠራው በአሜሪካ ኦክላሆማ የሚገኘው ላይፍ ቸርች ሲሆን፣ አፑ የወጣው አፕል የአፕሊኬሽን መደብሩን በከፈተበት ወር፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ነበር። ዛሬ ከ500 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጭኗል። በአማርኛ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው የ1954ቱ ትርጉምም፣ አዲሱ መደበኛ ትርጉምም አሉበት። በድምፅ በኩል ደግሞ የቆየው ፌይዝ ከምስ ባይ ሂሪንግ ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ በካሴት ጀምሮ ባይብል ዶት አይኤስ የተባለውን አፕ እስከ ማውጣት ደርሷል። «ሰማንያ አሐዱ» የሚል ስም ይዘው የአገራችን ልጆች የሠሯቸውም በአንድሮይድ መደብር ላይ ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ በቀላሉ የመጣ አይደለም። መጀመሪያ አማርኛው ራሱ መኖር ነበረበት። አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ላይ ከፈረንሳዊው ዲፕሎማት ከአስላን ደ ሸርቪል ጋር ወደ 10 ዓመት ገደማ ደክመው መላውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሱ፤ ረቂቁ 9,539 ገጽ ነበር። ታትመው ሳያዩት እ.ኤ.አ. በ1819 ዓረፉ። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ፊደላችን በኮምፒዩተር ዓለም የጋራ መለያ ቁጥር ያገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ስልኮች ለዓመታት በአማርኛ ፋንታ ባዶ ሳጥን ሲደረድሩልን እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ዛሬ የአቡ ሩሚን የሚያህል ድካም በስልክ ውስጥ ከጥቂት ዘፈኖች የማይበልጥ ቦታ ይይዛል።

ወደ መካነ ሰላም ልመለስ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ እናቴም አባቴም ተቀምጠው የማቴዎስ ወንጌልን ከፈትኩ። ቀረጻው ብዙ ድምፅ የተሳተፈበት፣ ከጀርባው ሙዚቃ ያለው ነበር። እናቴ ማንበብ አይችሉም፤ ገና ከመጀመሩ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ሰመጡበት። አባቴ ግን ፊታቸውን አዙረው «ንባብ ነው ወይስ ትያትር?» አሉኝ።

ቅሬታቸው ገብቶኛል። እኛ የከተማ ሰዎች መጽሐፍ ማለት በዓይን የሚነበብ ይመስለናል። እዚያ ግን መጽሐፍ ከጥንትም የሚሰማ ነገር ነው። በቅዳሴ ጊዜ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል፤ ምስባክ ይሰበካል፤ ወንጌል ይነበባል። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ስለዚህ አባቴ ለመስማት አዲስ አይደሉም። እንዲያውም የሰለጠነ ጆሮ አላቸው፤ የንባቡን መነሻና መውደቂያ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ያውቃሉ። የአፑ ሠሪ ማንበብ ለማይችል ሰው አስቦ ሙዚቃ ጨመረበት፤ ለእናቴ ሠራ፣ ለአባቴ አልሠራም።

«እሺ፣ ዳዊት ይሁንልዎት» አልኩና መዝሙር የሚያነብ ሌላ አፕ ከፈትኩ። ያለ ሙዚቃ በአማርኛ ያነባል። «ሃምሳኛውን አምጣልኝ» አሉ። የንስሐውን መዝሙር ማለታቸው ነው። 50 የሚለውን ነካሁ። አንባቢው ጀመረ። አባቴ ለትንሽ ጊዜ በትሕትና አዳመጡና፣

«ይኼ ሃምሳ አይደለም።»

«አባባ፣ 50 ነው። እዚህ ተጽፏል እኮ።»

«ይጻፍ። ይኼ ሃምሳ አይደለም።»

ተከራከርኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ከ60 ዓመት በላይ በየሳምንቱ ለደገሙት ሰው ስክሪን አሳየሁ፤ ያውም ማየት ለተሳናቸው። ሌሊት ኢንተርኔት ውስጥ ገብቼ ስፈልግ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ገባኝ። የግእዙ ዳዊት የተተረጎመው ሰባ ሊቃናት ከሚባለው ከግሪኩ ነው። ግሪኩ በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የተባሉትን እንደ አንድ መዝሙር ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በአንድ እያነሰ ይሄዳል፤ መጨረሻ አካባቢ ዕብራይስጡ አንድ ያደረገውን 147ኛውን ግሪኩ ለሁለት ይከፍለዋልና 148 ላይ ደርሰው ይገናኛሉ፤ 150ውን አብረው ይጨርሳሉ። የአባቴ 50 የአፑ 51 ነው። የእረኛው መዝሙር ለእሳቸው 22፣ ለአፑ 23 ነው። የሰኞ ድርሻቸው 1 እስከ 30 የነበረው በአፑ ቁጥር 1 እስከ 31 ይሆናል፤ ማክሰኞ 32 ላይ ይጀምራል።

ይህን የሚነግርዎት አፕ እኔ አላጋጠመኝም። የመጻሕፍቱ ብዛትም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ አፖች የተዋቀሩት በ66 መጻሕፍት ነው። ሙሉ ቃላቸው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረውን ሄኖክንና ኩፋሌን ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጎ ያጣ ሰው ስልኩ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። (እናቴ ተአምረ ማርያም እንዲወጣላቸው ጠይቀውኝ ነበር። እሱ የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ ውስጥ እንደማይገባ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልተቀበሉኝም።)

ለማንኛውም ቁጥሩን አስተካክዬ፣ ለታናሽ እህቴ አሳይቼ፣ ደስ ብሎኝ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ያላሰብኩት ነገር ነበር። በሐምሌ መጨረሻ በክልሉ ግጭቱ ተባባሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መንገዱም ተዘጋ። ስልክ የሠራ ቀን ደወልኩ። ስለ ጤንነታቸው፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ሰፈሩ ሁኔታ ተነጋገርንና መጨረሻ ላይ አባቴ «መሣሪያህስ አኩርፏል» አሉኝ።

አፑ ስልኩ ላይ ነበር። ምልክቱም ነበር። ድምፁ ግን ስልኩ ላይ አልነበረም፤ ከውጭ አገር ሰርቨር በየጊዜው እየመጣ ነበር ሲነበብላቸው የከረመው። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። አፑን መጫን አንድ ነው፤ የትርጉሙን ጽሑፍ ማውረድ ሌላ ነው፤ ድምፁን ማውረድ ደግሞ ሦስተኛ ሥራ ነው። ጽሑፉ እንዲወርድ ፈቅዶ ድምፁን የማይፈቅድ አለ፤ ይህ የሚወሰነው በትርጉሙና በቀረጻው ባለቤቶች ስምምነት ነው። የሚይዘውን ቦታ መገመት አይከብድም፤ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ንባብ 29 ሜጋባይት ያህል ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነበር። ከመካነ ሰላም ከመውጣቴ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ አንድ መዝሙር ማስነበብ ነበረብኝ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አላደረግሁትም፤ አባቴም በጣም በሚፈልጉት ጊዜ ዳዊታቸው ተዘጋ።

ሌላም ስሕተት ነበረብኝ። እህቴ ቤት በሌለች ጊዜ አባቴ ስልኩን መክፈት አይችሉም ነበር። ስክሪኑ ለስላሳ መስታወት ነው፤ ጣት የት እንደቆመ አያውቅም። ማየት ለተሳነው ሰው ያመጣሁት ዕቃ ማየት የሚጠይቅ ነበር።

መፍትሔውን ያገኙት ከጎረቤት ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው እናት ሙስሊም ናቸው፤ ሚሞሪ ካርድ የሚጎርስ የእጅ መዳፍ የምታህል ስፒከር አለቻቸው፤ ጎህ ሲቀድ ቁርአን ይሰሙባታል። የአባቴን ስልክ መዘጋት ሲሰሙ «አብሽር» ብለው መጡና ቁልፎቿን አስዳሰሷቸው፤ ይቺ ወደፊት፣ ይቺ ወደ ኋላ፣ ይቺ ማቆሚያ። ፌይዝ ከምስ ባይ ሂሪንግም ፕሮክሌይመር ብሎ በፀሐይ ብርሃንና በእጅ መዘውር የሚሞላ የድምፅ ማጫወቻ ያሠራው ይህንኑ ተረድቶ ነው። እኔ ግን ከሐጂዋ ነው የተማርኩት።

እዚህ አዲስ አበባ አንድ የማውቃቸው መሪጌታ አሉ። የግእዙን ዳዊት በቁም ንባብ ሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ስልኬ ላይ አነበቡልኝ። በአባቴ አቆጣጠር ከፋፍዬ ሰባት ፎልደር ሠራሁ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያልኩ። ለእናቴ አራቱን ወንጌላት ከነሙዚቃው፣ ማውረድ ከሚፈቅድ አፕ ላይ ስልክ ውስጥ አስገባሁ፤ በዚህ ጊዜ ኤርፕሌን ሞዱን ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ካርዱ፣ ስልኩና አንድ ስፒከር መንገድ ሲከፈት በዘመድ እጅ ተላኩ። እስኪደርሱ አምስት ሳምንት ፈጀ።

ባለፈው ስሄድ ማለዳ ላይ ሰማኋቸው። ስፒከሯ መስኮቱ ሥር ናት፤ መሪጌታው ያነባሉ። አባቴ ቀድመዋቸው በቃላቸው ይሄዳሉ። የጠፋባቸው ቦታ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ መሪጌታው ደርሰው ያልፏቸዋል፤ እሳቸውም ከኋላ ተነሥተው እንደገና ይቀድማሉ። ስለ ቀረጻው ጠየቅኋቸው።

«ደህና ነው» አሉ፤ «ሰውየው ግን ረቡዕ ላይ ይቸኩላሉ።»