ያውቁ ኖሯል?

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች መሃል፣ ልጆች እስኪሻገሩ ቀስ የሚል የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር የሚያገኘው የተቀነሰ ቮልቴጅ አይደለም። የባትሪው ሙሉ ቮልቴጅ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየበራና እየጠፋ ይደርሰዋል፤ ጉልበቱን የሚወስነው በርቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ይህን ጊዜ ለመወሰን ነዳጅ መስጫውን ሲረግጡ (ስሙ ቀረ እንጂ ነዳጁስ የለም) የሚላከው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ማይክሮኮንትሮለር የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይህን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ተማሪዎች በሚለማመዱበት አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው ሰሌዳ ላይ ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለው ከ0 እስከ 1023 ሆኖ ይነበባል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በብዛት በምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ነዳጅ መስጫ ፔዳል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ንባባቸው ካልተስማማ ኮምፒውተሩ እግርዎን አያምንም፤ ኃይሉን ይቀንሳል።