ሀለኮን ማን በላው?

አርባ ምንጭ ውስጥ የሽፈራው ዛፍ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ጋሞዎች «ሀለኮ» ይሉታል። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ አፍልቶ ይጠጣዋል። ታዲያ አንዳንድ ጊዜ በቀናት ውስጥ ለምለሙ ቅርንጫፍ እንደ ስስ ወረቀት ነጥቶ ይገኛል። ቅጠሉን ገልበጥ ሲያደርጉት ቀጭን ድር አድርተው ከሥሩ የተጠለሉ ትንንሽ ትሎች ይታያሉ።

ትሎቹ ኖርዳ ብሊቴያሊስ የምትባል የእሳት እራት ልጆች ናቸው። ይህች የእሳት እራት ህንድ ውስጥም የታወቀች የሽፈራው ተባይ ናት። እናቲቱ ቅጠል አትበላም፤ እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ጥላ ትሄዳለች። የተፈለፈሉት ትሎች አረንጓዴውን ክፍል እየፋቁ ይበሉና ጅማቱንና ስስ ሽፋኑን ብቻ ያስቀራሉ። አድገው ሲጨርሱ ወደ መሬት ይወርዳሉ፤ አፈር ውስጥ ተሸሽገው ክንፍ አውጥተው ይወጣሉ። በቆላ ሙቀት ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሳምንታት ነው።

ሽፈራው መከላከያ የሌለው ተክል አይደለም። ጥሬ ቅጠሉን ሲያኝኩት ምላስ የሚቆነጥጠው ነገር ምንጩ ከሰናፍጭና ከጎመን ጋር የሚጋራው ግሉኮሲኖሌት የተባለ ውህድ ነው። ቅጠሉ ሲነከስ ይህ ውህድ ወደሚያቃጥል ኬሚካል ይለወጣል፤ ብዙ ነፍሳትም ይሸሹታል። ኖርዳ ግን ኑሮዋን በዚሁ ዛፍ ላይ የመሠረተች ናት። እኛ ለመድኃኒትነት የምንፈልገው ቅመም ለእሷ ልጆች የዘወትር ምግብ ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በአማርኛ የሚያድነውንም ተባይ የሚገድለውንም «መድኃኒት» እንላለን። ለማሳ የተሠራ ፀረ ተባይ ጓሮ ውስጥ ሲረጭ ይህ የቃል መጋራት ያዘናጋል። የተረጨ ሰብል እስኪሰበሰብ ድረስ መጠበቅ ያለበት የቀን ቁጥር አለ፤ ሀለኮ ግን ለምሳ ዛሬ፣ ለእራት ነገ ይቀጠፋል። ሙዝ እንኳ ልጣጩ ይጣላል። የሀለኮ ቅጠል የሚገባው እንዳለ ድስት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለሚበላና ለሚጠጣ ቅጠል ኬሚካል አይረጭ እላለሁ።

የትሉ ደካማ ጎን አፈር ውስጥ የሚያሳልፋቸው ቀናት ናቸው። ከዛፉ ሥር ያለውን አፈር በጥልቀት ሳይሆን ከላይ ከላዩ መኮትኮትና ዶሮዎችን መልቀቅ ነው፤ ጭረው ይለቅሙታል። ድር ያደራባቸውን ቅርንጫፎች ደግሞ ትሎቹ ገና ትንሽ ሳሉ ቆርጦ ማቃጠል። ሽፈራው ሲቆረጥ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ስለሆነ አይጎዳም፤ እንዲያውም አጠር ሲል ለቀማም ለቁጥጥርም ይመቻል።

ይህ ካልበቃ ኒም የተባለው ዛፍ አለ። ከደረቀ ፍሬው ውስጥ የሚወጣውን አስኳል 50 ግራም ያህል ወቅጦ በ1 ሊትር ውሃ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለል፣ እንዲጣበቅ ጥቂት ሳሙና መጨመር፣ ከዚያ የቅጠሉን ሥር ሳይቀር መርጨት። ኒም ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን ትሉን ወዲያው አይገድለውም፤ መብላት ያስጠላዋል፣ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግም ያግደዋል። በማግስቱ ትል በሕይወት አየሁ ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ፀሐይ ይህን ውህድ ቶሎ ስለምታፈርሰው የሚረጨው አመሻሽ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ንቦችም ወደ ቀፏቸው ገብተዋል። ያም ሆኖ ያበበ ቅርንጫፍ ላይ አይረጭ። የተረጨው ቅጠልም ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ በደንብ ታጥቦ ይቀቀል።

ከሽፈራው ሌላ የጓሮ መድኃኒት ተክሎችም ተባይ ያጋጥማቸዋል። ዳማከሴ ለጋ ቅጠሉ ከተጨማደደና ጉንዳን ከተመላለሰበት ክሽክሽ ይዞት ይሆናል። ጉንዳኑ የሚመጣው ክሽክሹ ለሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። በጠንካራ ውሃ ማጠብ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ጤና አዳም ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል፣ ሲነኩት ከራሱ ጀርባ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥቶ የሚሸት ትል ካጋጠመ ግን ማንም አይጨፍልቀው። ጤና አዳም የሎሚ ዘመድ ነው፤ ትሉም የሎሚ ቅጠል የሚበላ የትልቅና የውብ ቢራቢሮ ልጅ ነው። በእጅ አንስቶ ግቢው ውስጥ ወዳለ ሎሚ ማዛወር ይቻላል።