ቴሌቪዥን በግድግዳ ላይ ስለ መስቀል

ባለፈው እሑድ አንድ ወዳጃችንን ለመጠየቅ ወደ ቤቱ ሄደን ሳለ፥ አዲስ የገዛውን ቴሌቪዥን ከበሩ ጉበን ከፍ አድርጎ፥ ወደ ጣራው አስጠግቶ ሰቅሎት አገኘነው። እንግዶቹ ሁሉ አደነቁለት። እናቱ ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠው ነበርና፥ ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «ልጆቼ፥ አንገቴ አልቻለም፤ እኔ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ» አሉን።

ወዳጃችን እንዲህ ያደረገው ሕፃናቱ እንዳይነኩት አስቦ ነው። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ያለ ማሰሪያ በጠረጴዛ ላይ የቆመ ቴሌቪዥን በሕፃን ላይ ሊወድቅ ይችላልና። ነገር ግን ከግድግዳው ጋራ አጥብቀው ያሰሩት እንደ ሆነ፥ ዝቅ ስላለ አይወድቅም።

ልኩን ለማወቅ ሜትርና እርሳስ ይበቃል። ሰው ዘወትር በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተደግፎ ይቀመጥና ከወለሉ እስከ ዓይኑ ድረስ ይለካ። በተለመደው ሶፋ ይህ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር፥ ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ነው። የቴሌቪዥኑ መካከል በዚህ ልክ ሲውል አንገት ያርፋል። (ተጋድሞ ማየት ለሚወድ ግን ጥቂት ከፍ ቢል ይስማማዋል።) ባለ 55 ኢንቹ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ መካከሉ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢውል የታችኛው ጠርዙ ከወለሉ 70 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሁልጊዜ በመካከል አይገኙምና፥ ግድግዳው ሳይበሳ አስቀድሞ እነርሱን መለካት ያስፈልጋል። ግድግዳው የጭቃ የሆነ እንደ ሆነም ብሎኑ ከጭቃው ሳይሆን ከቋሚው እንጨት ላይ ይረፍ።

ወዳጃችን ማክሰኞ ዕለት አወረደው። ከላይ የቀሩት 4 ቀዳዳዎች ገና አልተደፈኑም፤ እናቱ ግን ወንበራቸውን መልሰው አዙረዋል።