ሆርሞን ያለው ሉፕና በሐኪም ፊት የሚታፈነው ጥያቄ

ከድሬዳዋ ከተማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ ስሟ በውጭው ዓለም የተሰማው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ የአርኪዮሎጂ ቡድን የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ በቁፋሮ ማግኘቱን ባስታወቀ ጊዜ ነው። በጥንታዊቱ ከተማ ፍርስራሽ ላይ የሚያርሰው የዛሬው ነዋሪ አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪና ሙስሊም ነው። ይህ መጠቀሱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአካባቢው እናት ስለ ወሊድ መከላከያ ስታስብ የጤናዋን ብቻ ሳይሆን የሶላቷንና የጾሟንም ነገር አብራ ታስባለችና።

በአገራችን ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ስድስት ያህል ብቻ ነበሩ። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩ 35 ደርሷል። ከእነዚህም 23ቱ የመርፌ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ፣ በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ የመረጡት ሁለት ብቻ ናቸው። መርፌው በቅርብ ጤና ኬላ ይሰጣል፤ ሉፕ ግን የሠለጠነ እጅና የማሕፀን ምርመራ ይጠይቃል። ወሬውም ቀላል እንቅፋት አይደለም።

ሉፕ ሁለት ዓይነት ነው። የመዳቡ ሆርሞን የለውም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባን ያበዛል። ሁለተኛው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅ ነው። የፊንላንዱ ሐኪም ታፓኒ ሉካይነን ከደከሙበት ሥራ የተገኘው ይህ ሉፕ በዚያው አገር ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። 52 ሚሊ ግራም የሚይዘው ዓይነት እስከ ስምንት ዓመት ያገለግላል። የማሕፀን አንገትን ፈሳሽ ያወፍራል፤ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን ያሳሳል። በዚህም የወር አበባ ይቀንሳል፤ በአንዳንዶቹም ጭራሹን ይቀራል። ደም በብዛት እየፈሰሳት ለደም ማነስ ለተዳረገች እናት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ችግሩ ያለው በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ጠብታ ደም ያለ ቀኑ ሊታይ ይችላል። ለሐኪሙ ይህ የሚጠበቅና የሚያልፍ ነገር ነው። በቀን አምስት ጊዜ ለምትሰግድ፣ ረመዳንን ለምትጾም እናት ግን ጠብታውም ቢሆን ቀላል አይደለም። አስቀድሞ ያልተነገራት እንደ ሆነ «ጎዳኝ» ብላ ታስወጣዋለች፤ ለጎረቤቶቿም ያንኑ ታወራለች። ስለዚህ ጥያቄው ሉፑ ከመግባቱ በፊት ይነሣ። ወንድ ሐኪም ፊት፣ ያውም በአስተርጓሚ፣ ይህን መናገር የሚያሳፍራት ብትሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስቀድማ ልትነግርላት ትችላለች። ሐኪሙ ደሙ ከምን እንደ መጣ ያስረዳል፤ የሶላቱ ብይን ግን የሼሁ ነው።

«የወር አበባዬ ከቀረ ደሙ የት ይጠራቀማል?» የሚለውም የተለመደ ጥያቄ ነው። የትም አይጠራቀምም። ሽፋኑ ስለ ሳሳ የሚፈስ ደም አልተዘጋጀም። ሉፑም ከማሕፀን ተነሥቶ ወደ ልብ አይወጣም፤ የውኃ ጀሪካን መሸከምም አያስወጣውም። በመጀመሪያው ዓመት በራሱ የሚወጣባቸው ጥቂት ሴቶች ግን አሉ፤ ሲገባ ማሕፀንን የመብሳት አደጋም ከ1,000 በአንዷ ገደማ ይደርሳል። ይህንም መደበቅ አይገባም።

ሐኪሙም በበኩሉ ስለ እርግዝና፣ ምክንያቱ ስላልታወቀ የደም መፍሰስ፣ ስለ ማሕፀን ኢንፌክሽን፣ ስለ ጡት ካንሰርና ስለ ጉበት ሕመም ይጠይቃል። ለወለደች እናት በ48 ሰዓት ውስጥ፣ አለዚያም ከአራት ሳምንት በኋላ ሊገባላት ይችላል፤ ማጥባትን አይከለክልም። ኤች አይ ቪን ግን አይከላከልም።

ሆርሞን ያለው ሉፕ በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ስለሚችል፣ ወደ ድሬዳዋ የመኪና ከመክፈል በፊት መኖሩን ማጣራት ይበጃል። ከገባም በኋላ ስምንት ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ እናቲቱ በፈለገች ቀን በሠለጠነ ባለሙያ ይወጣል፤ የመፅነስ ችሎታዋም ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል።